ሲመሽ የሚከዳ መሬት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ሲስተር፣ ያዞረኛል» ሲሉኝ ቶሎ ብዬ «ደም ማነስ ይሆናል» አልልም። ይህን ያስተማረኝ የቆየ ጥፋቴ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ታካሚዎችን እከታተል ነበር። ስትሬፕቶማይሲን መርፌ በየማለዳው፣ ለሁለት ወር እንወጋለን። ከታካሚዎቼ አንዷ ጠላ ሻጭ ነበረች። በአምስተኛው ሳምንት «ሲስተርዬ፣ ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ ሲመሽ ግን መሬቱ ይከዳኛል» አለችኝ። ሳሉ ለቋት፣ ክብደት ጨምራ ስለነበር ደስታዬ ጆሮዬን ደፈነው። የደም ማነስ ኪኒን ሰጥቼ የዕለቱን መርፌ ወጋኋት። ሰፈሩ ደግሞ የራሱ ምርመራ ነበረው፤ «የጠመቀችውን ራሷ እየጠጣች ነው» ይሏት ነበር።

የሚዛን ነገር ያለው ውስጠኛው ጆሮ ላይ ነው። በየጎኑ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮችና ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሉ። ቦዮቹ የጭንቅላትን መዞር፣ ከረጢቶቹ ደግሞ ማዘንበልንና ወደፊት ወደኋላ መሄድን ይለካሉ። በውስጣቸው ጫፋቸው ላይ ጸጉር የመሰለ ነገር ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ጭንቅላታችን ሲዞር በቦዩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደኋላ ይቀርና ጸጉሮቹን ያጎብጣል። በዚህ ጊዜ ከጸጉሮቹ ጫፍ ጥቃቅን በሮች ይከፈቱና ፖታሲየም ይገባል፤ ከሥር ደግሞ ካልሲየም ይገባል። ሕዋሱም ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል ወደ ነርቩ ይረጫል። መልእክቱ ወደ አንጎል የሚሄደው እንዲህ ነው።

ዝም ብለን ስንቀመጥም መልእክቱ አይቋረጥም። ወደ ቀኝ ስንዞር የቀኙ ይጨምራል፣ የግራው ይቀንሳል፤ አንጎል ሁለቱን ያነጻጽራል። አንዱ ጆሮ በድንገት ዝም ካለ ቤቱ ይሽከረከራል። ሁለቱም ቀስ በቀስ አብረው ከደከሙ ግን የሚነጻጸር ልዩነት ስለሌለ አይሽከረከርም፤ ሰውየው ይንገዳገዳል እንጂ። ቀን ዓይን ይደግፈዋል፣ ሲጨልም ድጋፉ ይሄዳል። ያቺ ሴት የነገረችኝ ልክ ይህንኑ ነበር።

ስትሬፕቶማይሲን በእነዚያው የፖታሲየም በሮች ሾልኮ ይገባና ሕዋሱን ይገድላል። በሰው ላይ የሞተው ሕዋስ እንደ ቁስል አይሽርም። መድኃኒቱ በ1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተገኘ ብዙም ሳይቆይ ይህ ጠባዩ ታውቋል። በ1952 እ.ኤ.አ. ይኸው መድኃኒት ሚዛኑን ያሳጣው አንድ ሐኪም ኑሮውን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ጽፏል። አልጋው ላይ ሆኖ ሲያነብ የልቡ ትርታ ፊደሎቹን ስለሚያዘልላቸው ጭንቅላቱን በአልጋው ብረቶች መሀል ይደግፍ ነበር። እኔም «ስምንተኛውን ነርቭ ይጎዳል» የሚለውን ለፈተና ሸምድጄ አልፌበታለሁ።

ዛሬ የተለመደው የቲቢ ሕክምና በኪኒን ሆኗል። የዚያው ቤተሰብ የሆነው ጀንታማይሲን ግን አሁንም ይሰጣል፤ ሕይወት ስለሚያድን ማንንም ላስፈራራ አልፈልግም። መድኃኒቱን ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመና በዕድሜ የገፋ ሰው ይበልጥ ይጎዳል። መርፌው በተጀመረ በቀናት ውስጥም ሆነ ካለቀ በኋላ በጨለማ መንገዳገድ፣ ስትሄዱ የሱቅ ጽሑፍ መዝለል፣ ጆሮ መጮህ ከመጣ በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ። በራሳችሁ አታቋርጡት።

ከሳምንት በኋላ ለጉብኝት የመጣ ሐኪም እግሯን ገጥማ እንድትቆምና ዓይኗን እንድትጨፍን አደረጋት። ክንዴ ላይ ወደቀች። መርፌው ያን ዕለት ቆመ፤ በኪኒን ታክማ ከቲቢው ዳነች። ሚዛኗ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ በዓይኗና በእግሯ መዳፍ መተማመንን ለመደች፤ ጠላ ቤቷንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ትዘጋ ጀመር።

ቤቷ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «መጀመሪያ ስነግርሽ ብትሰሚኝ ኖሮስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ስነሳ መሽቶ ነበር፤ ልትሸኘኝ ግድግዳውን ይዛ እስከ በሩ መጣችና እዚያው ቀረች።