ቀዝቃዛ ፕላዝማና የሰውነታችን ዘቦች



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርዕሳችን ከቡሬ በደረሰን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ጠያቂያችን እናቷ ጡታቸው ላይ እብጠት ካገኙ ወራት ማለፋቸውን ገልጻ፣ «በውጭ አገር ቀዝቃዛ ፕላዝማ በሚባል ሕክምና ካንሰር ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል ሲባል ሰማን፤ በርበሬው ተሽጦ ገንዘብ እስኪሞላ እናታችን ቤት ይቆዩ ወይ?» ትላለች።

ለመሆኑ ፕላዝማ ምንድን ነው? ከደም ተለይቶ ለሕመምተኛ የሚሰጠው ፈሳሽም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ብዙዎች ያምታቱታል። ሁለቱ ግን አይገናኙም። እኛ የምንናገረው የኤሌክትሪክ ኃይል አልፎበት ባሕርዩ ስለተለወጠ ጋዝ ነው። በክረምት ሰማዩን የሚሰነጥቀው መብረቅ ፕላዝማ ነው፤ ፀሐይም እንዲሁ። እነዚህ እጅግ የጋሉ ናቸው። ለሕክምና የሚሠራው ግን እንደ አርጎን ወይም ሂሊየም ካለ ጋዝ የሚወጣ፣ ነበልባል የሚመስል ቀጭን ብርሃን ሲሆን፣ ሙቀቱ ከሰውነታችን ሙቀት ብዙም ስለማይርቅ ገላን አያቃጥልም። «ቀዝቃዛ» መባሉም ለዚህ ነው። በጀርመን አገር አልድን ላለ ቁስል ማከሚያ የሚሆን መሣሪያ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሥራ ላይ ይገኛል።

ወደ ካንሰሩ እንምጣ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ማማ ላይ ሆኖ በቆሎ የሚጠብቅ ልጅ ዝንጀሮን ከሩቅ ይለየዋል። ሰውነታችንም ባዕድ ተሐዋስያንን ለይተው የሚያባርሩ ዘቦች አሉት። ካንሰር ግን ከገዛ ህዋሳችን የበቀለ በመሆኑ የሚመስለው ዝንጀሮን ሳይሆን እንክርዳድን ነው፤ ከስንዴው ጋር ተመሳስሎ፣ እስኪያሽት ድረስ ገበሬውን ያታልላል።

ፕላዝማው ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን የተፈጠሩ ኃይለኛ ውህዶችን በካንሰሩ ህዋስ ላይ ይረጫል። በዚህ የተጎዳ ህዋስ ዝም ብሎ አይሞትም። ወትሮ በውስጡ የሚይዘውን ካልረቲኩሊን የተባለ ፕሮቲን ወደ ላይኛው ገጽታው ያወጣል፤ ይህም ለዘቦቹ «ብሉኝ» እንደማለት ነው። የበሉት ዘቦች ምልክቱን ይዘው ወደ ንፍፊቶች ይሄዱና ቲ-ሴል የተባሉትን ተዋጊዎች ያስተምራሉ። ተስፋው፣ እነዚህ ተዋጊዎች ፕላዝማው ያልነካውንና ወደ ሌላ ቦታ የተሰራጨውንም ካንሰር ያሳድዱታል የሚል ነው።

ነገር ግን ይህ በአብዛኛው የታየው በቤተ ሙከራና በአይጦች ላይ ነው። በአሜሪካ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተፈቀደው የመጀመሪያው የሰው ሙከራ 20 ሕመምተኞችን ብቻ የያዘ ነበር። እነርሱም ቢሆኑ ፕላዝማው የተረጨላቸው ዕጢው በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ፣ በቀረው ጠርዝ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ «ያለ ቀዶ ጥገና» የተባለው እዚያም አልነበረም!

እህታችን ሆይ፣ እናታችን አይቆዩ። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ሲሆን፣ አብዛኞቹ ወደ ሐኪም የሚቀርቡት ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የሚለየው ግን በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ሆስፒታል አለ፤ ካስፈለገ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ባሕር ዳር ይላካሉ። በወንድ ሐኪም መታየት ከከበዳቸው ሴት ባለሙያ ጠይቁላቸው፤ ካልተገኘች ግን ይህ ምክንያት ሆኖ አይመለሱ።

ሴት ልጅ ያላችሁም አንድ ነገር ስሙ። ዘቦቹን አስቀድሞ ማስተማር በአንድ ካንሰር ላይ ከሙከራ አልፏል። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ መከላከያ ክትባት በኢትዮጵያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ፣ በ2024 ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሰፍቷል።

ለእናታችን ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ እብጠቱ መቼ እንደታየ፣ ማደጉን፣ ከጡቱ ጫፍ ፈሳሽ መኖሩን፣ በብብት ሥር ሌላ እብጠት መኖሩን አስታውሳችሁ ንገሩ። አላህ ዓፊያቸውን ይመልስላቸው።