አይቶ የማወቅ ስሜትና ሠርቶ የማወቅ ችሎታ፦ የሊኑክስ ትምህርት ከመርካቶ የእጅ ሙያ አንጻር

የሊኑክስ ስርዓተ ክወናን መማር ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም የፍጥነት ዝርዝር ውስጥ የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ የዘረመል መረጃ የሚተነትን፣ የአየር ንብረት ሞዴል የሚያስኬድ ወይም የቋንቋ ክምችት የሚያዘጋጅ ተመራማሪ ይዋል ይደር እንጂ ከተርሚናል ፊት መቀመጡ አይቀርም። ለዚህ ሲዘጋጅ በቅርብ የሚያገኘው መምህር ደግሞ ቪዲዮ ነው። ይህ ጽሑፍ ከቪዲዮ ምን ያህል መማር እንደሚቻል፣ ሥራው ከየት ላይ መጀመር እንዳለበትና መዘግየቱ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማብራራት ይሞክራል።

የጥናቶች ምስክርነት

ካርዳስና ኦብራየን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የዳርት ውርወራ ቪዲዮን ሃያ ጊዜ ያዩ ተሳታፊዎች አንድ ጊዜ ብቻ ካዩት ይልቅ በችሎታቸው ተማምነው ነበር፤ ሲወረውሩ ግን የተሻለ ውጤት አላመጡም። በዚያው ጥናት የእጅ ቅብብሎሽ ጨዋታ ቪዲዮ ካዩት መካከል መጫወቻዎቹን ለአፍታ በእጃቸው የያዙት ሰዎች ግምታቸውን ዝቅ አድርገዋል። መሣሪያውን መንካት ብቻውን ችሎታ ባይሰጥም፣ የችሎታን ጉድለት ያሳያል ማለት ነው። ኬዲንገርና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የበይነመረብ ኮርስ ላይ ባደረጉት ትንተና፣ ተጨማሪ መልመጃ መሥራት የሚያስገኘው የትምህርት ጥቅም ተጨማሪ ቪዲዮ ከማየት ወይም ከማንበብ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ገምተዋል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ቪዲዮ የሚያሳየው የተመረጠውን ትእዛዝ ነው፤ አስተማሪው ያልመረጣቸውን ትእዛዞችና የተዋቸውን መንገዶች አያሳይም። ከዚህም በላይ ስሕተቱ በአርትዖት ተቆርጦ ይወጣል። ተርሚናል ፊት የተቀመጠ ተማሪ ግን ዋና ሥራው ምርጫና ስሕተት ነው።

የመርካቶ የሙያ ሥርዓት

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ በየ«ተራው» የተከፋፈለ የንግድና የሙያ መንደር ነው። ከእነዚህ አንዱ በሆነው ምናለሽ ተራ፣ ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡት ጣሳ፣ በርሜልና ቁርጥራጭ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላ የቤት ዕቃ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሙያ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከባለሙያው ጎን ቆሞ በመሥራት ነው።

ጂን ሌቭ የተባለችው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች መካከል ያጠናችው ተመሳሳይ ሥርዓት የዚህን አካሄድ ውስጣዊ አመክንዮ ይገልጣል። ተለማማጁ የሚጀምረው ልብሱ ተሠርቶ ሲያልቅ ከሚከናወኑት እንደ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ ካሉ ሥራዎች ነው፤ ከዚያ ወደ መስፋት፣ በመጨረሻም ወደ ጨርቅ መቁረጥ ያልፋል። ጨርቅ ያለ አግባብ ከተቆረጠ አይመለስምና፣ ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ በከፍተኛነቱ መጠን ሥራው ወደ ኋላ ይገፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ተለማማጅ ከማንም በላይ የሚመለከት ሰው ነው። የሚመለከተው ግን ጥቂት ቆይቶ ራሱ የሚሠራውን ነው፤ ዓይኑን የሚመራው የሚጠብቀው ሥራ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የሚመነጨው በማየትና በመሥራት መካከል ካለው የጊዜ ርቀት እንጂ ማየት በራሱ ከንቱ ከመሆኑ አይደለም።

አንድ ምሳሌ፦ የፋይል ፈቃድ

በሊኑክስ እያንዳንዱ ፋይል ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች የተለየ ፈቃድ አለው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ይደመራሉ። 640 የተባለ ፋይል ባለቤቱ የሚያነበውና የሚጽፈው፣ ቡድኑ የሚያነበው፣ ሌላው ሰው ግን የማይነካው ነው። «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልእክት የገጠመው ተማሪ ከቪዲዮ የሸመደደውን 777 ቢሰጥ ችግሩ ወዲያው ይወገዳል፤ በጋራ ሰርቨር ላይ የተቀመጠው የጥናት ተሳታፊዎች ቃለ መጠይቅ ግን ወደ ፋይሉ መድረስ ለሚችል ተጠቃሚ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ምስጢር ለመጠበቅ የተገባው ቃል በአንድ መስመር ትእዛዝ ፈረሰ ማለት ነው። ሁለት የተጠቃሚ መለያዎች ፈጥሮ፣ በአንዱ ከልክሎ በሌላው ለመክፈት የሞከረ ተማሪ ግን ክልከላው የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ይረዳል።

ቪዲዮ ያረጃልም። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ በ17.10 እትሙ ዩኒቲ የተባለውን ገጽታ ትቶ ወደ ግኖም በመዛወሩ ቀደም ሲል የተቀረጹ ማሳያዎች ከተማሪው ስክሪን ጋር መመሳሰላቸው ቀርቷል። የትእዛዝ መመሪያ ገጾች በአንጻሩ ከተጫነው እትም ጋር አብረው የሚመጡ ስለሆኑ ያለ በይነመረብ ይነበባሉ፤ ዳታ በገንዘብ ለሚገዛ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቪዲዮ ትክክለኛ ቦታ

ይህ ሲባል ጀማሪ ያለ ምንም ማሳያ ይጣል ማለት አይደለም። ስዌለርና ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 በአልጀብራ እንዳሳዩት፣ ጀማሪዎች የተሠራ ምሳሌ ማጥናታቸው ጥያቄ በራሳቸው ከመፍታት ይልቅ ይጠቅማቸዋል። የካልዩጋና የባልደረቦቹ ሥራ ደግሞ ይህ ጥቅም ዕውቀት እያደገ ሲሄድ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ከዚህ የሚከተለው አካሄድ ይህን ይመስላል፦

1. ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ አንድ ተግባር ብቻ አይቶ ቪዲዮውን መዝጋትና ከትውስታ መሥራት፤
2. ልምምዱን ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሊመለስ በሚችል ቨርቹዋል ማሽን ላይ ማድረግ፤
3. እንደ ልብስ ሰፊው ከማይጎዳው መጀመር፦ አስቀድሞ ማንበብና መፈለግ፣ ቀጥሎ መቅዳትና ማስተካከል፣ መሰረዝን በመጨረሻ። በተርሚናል የተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያ አቃፊ አይገባምና፤
4. የስሕተት መልእክቶችን ከነመፍትሔያቸው በመዝገብ መያዝ።

ይህ አካሄድ በራሳችን የድኅረ ምረቃ ቤተ ሙከራዎች ሊፈተን ይችላል። ሁለት ቡድኖች እኩል ሰዓት ተሰጥቷቸው፣ አንደኛው በማየት ሌላኛው አይቶ ወዲያው በመሥራት ተምሮ፣ ከሳምንት በኋላ ያለ ረዳት አንድ ዓይነት ተግባር ቢሰጣቸው ውጤቱ ይለካል። ከፈተናው በፊት ተማሪዎቹ የራሳቸውን ውጤት እንዲገምቱ ቢጠየቁ ደግሞ በግምቱና በሥራው መካከል ያለው ርቀት ራሱን የቻለ ግኝት ይሆናል።