ሲቲ ስካኑ ደህና ነው፤ ታዲያ ለምን ቱግ ይላል?

«ዶክተር፣ ባለቤቴ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ሲቲ ስካን ተነሳ፤ ምንም የለም ተባለ። ግን ያ የማውቀው ሰው አይደለም። ልጆቹ ሲንጫጩ ቱግ ይላል፣ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን እያየ ያለቅሳል።» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። የሚጽፉልኝ ባብዛኛው ተጎጂዎቹ ሳይሆኑ ሚስቶችና እናቶች ናቸው።

በቅድሚያ «ቀላል የአንጎል ጉዳት» የሚለው ስም ሰው ያሳስታል። «ቀላል» የምንለው ሰውየው ራሱን ቢስት እንኳ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ፣ የመርሳቱ ጊዜ ከ24 ሰዓት ካላለፈ፣ በግላስጎ የንቃት መለኪያ ደግሞ ከ15 ቢያንስ 13 ካገኘ ነው። ራስን ጨርሶ ሳይስቱም ይደርሳል። ቃሉ የመጀመሪያውን ቀን ሁኔታ ነው የሚገልጸው፤ ቤት ከተመለሱ በኋላ ስለሚመጣው ምንም አይናገርም።

አንጎል እንደ እርጎ ለስላሳ ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ወይም በኃይል ሲወዛወዝ በራስ ቅል ውስጥ ይናጣል፤ ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮችም ይለጠጣሉ። ሲቲ ስካን ደም መፍሰስንና ስብራትን በደንብ ያሳያል፤ የተለጠጠ ክርን ግን አያሳይም። ስለዚህ «ምንም የለም» ማለት «አሁን ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ነገር የለም» ማለት እንጂ «ሰውየው እያስመሰለ ነው» ማለት አይደለም።

ወደ ስሜት እንምጣ። ከጆሯችን በላይ ባለው የአንጎል ክፍል፣ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። የግቢ ውሻ በሏት፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ትጮኻለች። ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነው፤ «ተይ፣ ጎረቤት ነው» ብሎ ዝም ያሰኛታል። እነዚህ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእነዚያው ክሮች ነው። ክሮቹ ሲጎዱ ውሻዋ ትጮኻለች፣ የባለቤቱ ድምፅ ግን ደክሞ ይደርሳል። ድሮ ችላ ብሎት የሚያልፈው የሳህን ኳኳታ አሁን የሚያስቆጣው ለዚህ ነው። ሆደ ባሻ የሚሆኑም አሉ፤ በተቃራኒው ድንዝዝ ብለው ደስታም ኀዘንም የማይሰማቸው አሉ። አንዳንዱ ደግሞ የሰው ፊት ማንበብ ያስቸግረዋል፤ የደከመ ፊትሽን አይቶ «ምን አስቆጣሽ?» ብሎ ጠብ ይጀምራል። ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት፣ «ሥራዬን ላጣ ነው» የሚለው ስጋትም ሲታከልበት አስቡት።

ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ፣ ቢበዛ በ3 ወር ይሻለዋል። ከዚህ በፊት ጭንቅላቱን የተመታ፣ ድብርት ወይም ጭንቀት የነበረበት ሰው ግን ሊቆይበት ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን 1 እና 2 ቀናት ማረፍ፣ ስልክም መቀነስ ነው። ከዚያ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛት አልመክርም፤ ቀስ እያሉ መራመድ፣ ሥራም በግማሽ ቀን መጀመር ይሻላል። መጠጥ ይቅር፤ ጫትም እንቅልፍ ይነሳል። ሳይድን ኳስ ሜዳ ወይም ሞተር ላይ አይመለስ፣ ሁለተኛ ምት በጣም አደገኛ ነው። የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ።

ለቤተሰብ የምለው፦ ንዴቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ አትከራከሩ። ቴሌቪዥኑን ዝቅ፣ ልጆቹን ወደ ውጭ፤ ከባድ ወሬ ካለ ጠዋት፣ እሱ ሳይደክም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ የአንጎል ጉዳት ለዱላ ፈቃድ አይሰጥም። እጁ ከተነሳ መጀመሪያ ራሳችሁንና ልጆቹን አርቁ፣ ሕክምናው ከዚያ ይቀጥላል።

ከወር በላይ ከቆየ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለ። «መኖር አልፈልግም» ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ውሰዱት።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ ወይም አልነቃ ካለ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። አረጋውያንና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ደግሞ ደም ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ ጠባይ ሊለውጥ ይችላል፤ ለእነሱ የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ደህና ቢሆንም እንደገና ይታይ።