ከፋታ ወደ ትምህርት ቤት፦ «ስኮሌ» የተባለው የግሪክ ቃል ጉዞና የትርጉሙ ለውጥ

አንድ ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ድምፁ ብቻ ሳይሆን ትርጉሙም ይለወጣል። ለውጡ ግን በዘፈቀደ የሚደርስ አይደለም፤ በቃሉ የሚገለገለው ኅብረተሰብ አኗኗር በተለወጠ መጠን ቃሉም አብሮ ይለወጣል። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው በብዙዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች የትምህርት ቤት መጠሪያ የሆነው «ስኮሌ» የተባለው የግሪክ ቃል ነው።

፩. የቃሉ መነሻ

«ስኮሌ» በጥንታዊው ግሪክኛ ፋታ፣ ከሥራ ነፃ የሆነ ጊዜ ማለት ነበር። ሥራ መያዝን የሚያመለክተው «አስኮሊያ» የተገኘው ከዚሁ ቃል ሲሆን፣ በቁሙ ሲተረጐም ፋታ ማጣት ማለት ነው። አርስጣጣሊስም (384–322 ዓመተ ዓለም) ሰው የሚሠራው ፋታ ለማግኘት መሆኑን አስተምሯል። ይሁን እንጂ ይህ ፋታ የሁሉም ሀብት አልነበረም። ጥቂቶች ለውይይት የሚሆን ጊዜ ያገኙት ሌሎች፣ በተለይም ባሮች፣ የጉልበቱን ሥራ ስለ ሠሩላቸው ነው።

የቃሉ ትርጉም ደረጃ በደረጃ ተሸጋገረ። መጀመሪያ በፋታ ጊዜ ለሚደረገው ውይይትና ትምህርት፣ ቀጥሎም ለሚማሩት ሰዎች ማኅበርና ለሚሰበሰቡበት ስፍራ መጠሪያ ሆነ። እያንዳንዱ እርምጃ አጭር ነው፤ መነሻውና መድረሻው ግን እጅግ ይራራቃሉ።

፪. ቃሉ በአውሮፓ

ሮማውያን ቃሉን «ስኮላ» ብለው ወሰዱት። ፊደል ለሚቈጥሩ ሕፃናት ትምህርት ቤት ግን «ሉዱስ» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ይህም ጨዋታ ማለት ነው። በኋላ ዘመን «ስኮላ» ማኅበር የሚለውን ትርጉም ይዞ ለቤተ መንግሥት ዘብ ክፍሎች፣ በቬኒስም ለምእመናን የመረዳጃ ማኅበራት መጠሪያ ሆነ። በአንድ አስተሳሰብ ወይም በአንድ የአሣሣል ስልት የሚመሩ ሰዎች ዛሬም በዚሁ ቃል መጠራታቸው የዚያ ቅሪት ነው።

በመካከለኛው ዘመን ላቲን የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቋንቋ ስለ ነበር ቃሉም አብሮ ተስፋፋ። ሻርለማኝ እ.ኤ.አ. በ789 በየገዳሙና በየጳጳሱ መንበር ልጆች ንባብ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ አዘዘ። ከላቲኑ «ስኮላ» የእንግሊዝኛው «ስኩል»፣ የጀርመንኛው «ሹለ»፣ የጣልያንኛው «ስኩኦላ» እና የሩስኛው «ሽኮላ» ተገኙ። ቃልን በሁለት ተነባቢዎች መጀመር የሚከብዳቸው ቋንቋዎች አናባቢ አስቀደሙ፤ የስፓኝኛው «ኤስኩዌላ» እና የሀንጋርኛው «ኢሽኮላ» ለዚህ ምስክር ናቸው። ፈረንሳይኛም እንዲሁ አድርጎ፣ በኋላ «ስ»ን በመጣል «ኤኮል» አለ። በአማርኛ ለዘመናዊው ትምህርት ቤት የሚነገረው «አስኳላ»ም ከጣልያንኛው ሲወረስ በመነሻው ላይ «አ» የጨመረው በዚሁ መንገድ ነው።

፫. ፋታ ግዴታ ሲሆን

ትልቁ ለውጥ የደረሰው መንግሥታት ትምህርትን ግዴታ ባደረጉ ጊዜ ነው። ፕሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1763፣ እንግሊዝ በ1880፣ ፈረንሳይ በ1882 ይህንኑ በሕግ ደነገጉ። ፋታ ማለት የነበረው ቃል የግዴታ ስም ሆነ። ከብት የሚጠብቀው የገበሬ ልጅና በፋብሪካ የሚሠራው የሠራተኛ ልጅ ወደ «ስኮሌ» የሚወስዳቸው ትርፍ ጊዜ አልነበራቸውም። በመሆኑም የነገሩ ቅደም ተከተል ተገለበጠ፤ ቀድሞ ፋታ ያለው ሰው ይማር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ልጁን ከሥራ ገላግሎ ፋታ የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲሆን ታሰበ።

፬. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። የቋንቋ መምህር የቃልን ምንጭ ሲያስረዳ፣ ምንጩ የዛሬውን ትርጉም እንደማይወስን አብሮ ሊያስገነዝብ ይገባል። በዛሬው ግሪክኛ እንኳ ይህ ቃል የጠበቀው ድምፅ መጨረሻው ላይ ሲሆን የከፍተኛ ትምህርት ክፍልን፣ መጀመሪያው ላይ ሲሆን ደግሞ የበዓል ዕረፍትን ያመለክታል። ተማሪው መሸጋገሪያዎቹን በተራ ካላየ ሁለቱን ሊያዛምዳቸው አይችልም።

ሁለተኛው የዕቅድ አውጪውን ይመለከታል። ሕጉ ቢወጣ፣ ሕንጻውም ቢሠራ፣ ልጁ ከእርሻና ከቤት ሥራ የሚተርፍ ጊዜ ከሌለው መቀመጫው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ የትምህርት ዘመኑና የዕለቱ ክፍለ ጊዜ ሲደለደል አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ቃሉ ራሱ ከጥንት ይዞት የመጣው ጥያቄ ነው፦ ልጁ ፋታውን ከየት ያገኛል?