ለዕቃ ማድረሻ መኪና ስለሚሠራ የፋይበርግላስ ሣጥን

ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት፣ ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት አለቆችም የተጻፈ ማስታወቂያ

የደጋው አገር ሰው ቅቤውን፣ እንቁላሉንና የበግ ሥጋውን ወደ ሩቅ ገበያ ሊሰድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መኪናው ሞተርና ስለ ጎማው ነው፤ ዕቃው የሚቀመጥበትን ሣጥን ግን ሠሪው እንደ ወደደ ያደርገው ዘንድ ይተውለታል። ይህ የማይገባ ነገር ነው። ሞተር ቢበላሽ ይታደሳል፤ ሣጥኑ ክፉ የሆነ መኪና ግን በተጓዘ ቁጥር የማኅበሩን ገንዘብ ያጠፋል፤ ቅቤውም ቀልጦ ሥጋውም ሸትቶ ከገበያ ሲመለስ የሚከስረው ሠሪው ሳይሆን ገበሬው ነው።

ፋይበርግላስ የሚባለው እንደ ፈትል የቀጠነ የመስታወት ክር በጨርቅ መልክ ተነጥፎ፣ ሬዚን በሚባል ሙጫ ተነክሮ የደረቀ ነገር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ኮርቬት የተባለውን አውቶሞቢል ገላውን ከዚሁ ሠርቶ አውጥቷል። በየግቢው የምናየው የሮቶ ውሃ ማጠራቀሚያ ግን ፕላስቲክ ነው እንጂ ፋይበርግላስ አይደለምና ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚናገር ሻጭ ቢገኝ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው።

የፋይበርግላስ ጥቅሙ ግልጥ ነው። በክረምት የጃማ መረሬ ጭቃ ከመኪናው ሥር ተለጥፎ ሲሰነብት ላሜራን ያዝገዋል፤ በጨው የታሸ ቆዳ የተጫነበትም የብረት ሣጥን ቶሎ ይበሳል፤ ፋይበርግላስ ግን አይዝግም፣ በውሃና በሳሙናም ታጥቦ ይጠራል። በክብደትም ቢሆን ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ሣጥን ግድግዳውና ጣራው 32 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህን 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ቢሸፍኑት፣ አጥንቱ ሳይቆጠር፣ ላሜራው ብቻ 300 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ፋይበርግላስ ቢሸፍኑት ግን 150 ኪሎ ያህል ነው። የተረፈው አንድ ኩንታል ተኩል በየጉዞው ዕቃ ይጫንበታል።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚታለልበት እዚህ ላይ ነው። ሠሪዎች «ፋይበርግላስ ሙቀት አያስገባም» ብለው ይሸጣሉ። ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻውን የቆመ ፋይበርግላስ ሙቀትን በመከልከል ከላሜራ እጅግም አይሻልም። ሙቀትን የሚከለክለው በሁለት የፋይበርግላስ ቆዳ መካከል የሚገባው ፎም ነው። ምግብ በቀዝቃዛ መኪና ስለ ማጓጓዝ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት፣ ከ0.4 ዋት የማይበልጥ ሙቀት የሚያሳልፍ ሣጥን የበረታ ይባላል፤ እስከ 0.7 የሚያሳልፈው መደበኛ ነው። ለበረታው ደረጃ ፎሙ ከ6 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ብረት ከውጭ ወደ ውስጥ ፎሙን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ግን 6ቱም አይበቃ።

የላይኛውን ሣጥን ወለሉን ጨምረን በ40 ካሬ ሜትር እናስላው። ውጭው ከውስጡ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በረታ የተባለው ሣጥን በ8 ሰዓት ጉዞ 28 ኪሎ ያህል በረዶ ያቀልጣል፤ መደበኛው 48 ኪሎ ያህል፤ ፎም የሌለው ግን ከበረታው 10 እጥፍ ይበልጣል። ፎም ያለው ሣጥን ራሱ ብርድ እንደማይፈጥር ደግሞ መርሳት አይገባም፤ በረዶ ወይም ማቀዝቀዣ ካልገባበት ያገኘውን ጠብቆ ያቆያል እንጂ ሌላ የለውም።

ይህ ለገበያ ዕቃ ብቻ የሚነገር አይደለም። ደስታ መሰል ለተባለው የበግና የፍየል በሽታ የሚሆነው ክትባት ብርድን የሚሻ ነው። በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው ክትባት በበረዶ ዕቃ ታሽጎ ቢላክም፣ የበረዶው ዕድሜ በዙሪያው ባለው አየር ልክ ነው። በመንገድ የሞቀ ክትባት ለመንጋው ቢወጋ ገበሬው ከብቱ የተጠበቀለት መስሎት ይቀመጣል፤ ይህም ጨርሶ ካለመከተብ ይልቅ አሳሳች ነው። የከብት ደስታ በምኒልክ ዘመን ክፉ ቀን አገሩን እንዴት እንዳደረገው ሁሉም ሰምቷል።

መንገዱንም መመልከት ያሻል። ከደጎሎ በወረኢሉ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ብዙውን ጊዜ በደጋ ስለሚጓዝ፣ እንቁላል ብቻ ለሚጭን ቀላሉ ሣጥን ይበቃዋል። በዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ግን የወንጪትንና የጀማን ቆላ መውረድና መውጣት ስላለበት ፎም ያለውን ይግዛ።

በእንዲህ ያለ ጠመዝማዛ መንገድ የመኪናው ሻንሲ ይጣመማል፤ ፋይበርግላስ ግን አብሮ መጣመምን አይወድም። ሣጥኑ በሻንሲው ላይ ድርቅ ተደርጎ ከታሰረ በማዕዘኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ገብቶ ፎሙን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ፎም ከባድ ነው፣ ብርድም አይዝም። ስለዚህ ሣጥኑ በራሱ ታችኛ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ በፊት በኩል በጎማ ወይም በስፕሪንግ እንዲታሰር ማዘዝ ይገባል። ሣጥኑ ከተጫነ በኋላ በአጠገቡ ብየዳ ፈጽሞ አይደረግ፤ ሬዚኑ እሳት ያነሣል፣ ጢሱም አደገኛ ነው።

አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ 10 እስከ 12 ያህል ስለሚበረታ፣ የደጋ ፀሐይ የሣጥኑን ልባስ ቶሎ ያነጣዋል፣ ያፈረፍረዋልም። ነጭ ቀለምና ወፍራም ልባስ ይመረጥ፤ በሚያድርበትም ስፍራ ጥላ ቢኖረው መልካም ነው።

እህል ለመጫን ግን ይህ ሣጥን አያስፈልግም። አዲስ የታጨደ ስንዴና ጤፍ እርጥበቱ ሳይወጣ በታሸገ ሣጥን ቢያድር ያልበዋል፣ ይሻግታልም፤ የጆንያ መጎተትም ወለሉን ይፍቀዋል። ለእህል፣ ለማዳበሪያና ለበግ መንጋ ሸራ የሚለብሰው ክፍት መኪና ይሻላል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ መኪና እንግዛ የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ለአንዱም የማይሆን ይገዛሉ።

ሣጥኑን የሚረከበው ሹም ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ያዘጋ፤ የቀን ብርሃን በየትም ቢታየው አይቀበል። ግድግዳውን በሳንቲም እየቆረቆረ ይሂድ፤ ድምፁ ከሌላው ስፍራ ተለይቶ ባዶ ሆኖ በሚሰማበት ቆዳው ከፎሙ ተላቋል። የፎሙን ውፍረት በበሩ መቃን በኩል ሳይሸፈን ያሳዩኝ ይበል፤ በፎም ፈንታ ኮምፔርሳቶ ገብቶ እንደ ሆነም ያን ጊዜ ይታወቃል። መኪናው ሣጥኑ ሳይጫንበትና ከተጫነበት በኋላ በሚዛን ይመዘን፤ ልዩነቱም በውሉ ከተጻፈው ጋር ሳይተያይ የመጨረሻው ክፍያ አይውጣ።