ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ድረስ

እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. መባቻ፣ በአሜሪካ በቬርሞንት ግዛት፣ ስቶው በሚባለው ተራራማ ስፍራ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት የወደቀው ቻርልስ ማይኖት ዶል ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ከተራራው ላይ በቀረ ጊዜ፣ የሚያነሣው ቃሬዛም ሆነ ወደ ታች የሚያወርደው የሠለጠነ ሰው ስላልነበረ፣ ወዳጆቹ ብዙ ከደከሙ በኋላ በቤት ክዳን ቆርቆሮ ላይ አስተኝተው እየጎተቱ አወረዱት። ብዙም ሳይቆይ ከነዚሁ ወዳጆቹ አንዱ ፍራንክ ኤድሰን በበረዶ ሽቅድምድም ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ ሞተ። ዶል ግን ኀዘኑን ወደ ሥራ መለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የበረዶ ተራራ ዘበኞች ማኅበር በእርሱ ትጋት ተቋቋመ፤ ማኅበሩም በተራራና በሜዳ ስለሚሰጥ አስቸኳይ ዕርዳታ ያሰናዳው ትምህርት እስከ ዛሬ ይሰጣል።

በከተማ ለተጎዳ ሰው አምቡላንስ ይጠራለታል፤ በገደል፣ በበረሃ፣ ወይም መኪና በማይገባበት መንደር የወደቀ ግን ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ቀንና ሌሊት ያልፉበታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ነፍሱ ያለችው አስቀድሞ በደረሰለት ሰው እጅ ነው፤ ያም ሰው እረኛ ይሁን መምህር፣ መንገደኛ ነጋዴ ይሁን የጎብኚዎች መሪ፣ ከመድኃኒት ሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የቅደም ተከተል ዕውቀት ነው። የሰው ዓይን የሚያስፈራውን ያስቀድማልና፣ የተጣመመ እግር ይዞ ወደሚጮኸው ሰው ሮጦ፣ ከጎኑ ዝም ብሎ የተኛውንና እስትንፋሱ የተዘጋበትን ያልፈዋል።

ቁሱሉን ከመንካት በፊት ቆም ብሎ ስፍራውን መመልከት ይገባል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ የቈሰለውን ሰው ያነሣው ደጉ ሳምራዊ በርኅራኄው ሲመሰገን ይኖራል፤ መንገዱ ግን የወንበዴዎች መንገድ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። የዛሬውም ረዳት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ ሰውየውን የጣለው ነገር አሁንም በዚያ አለን? ድንጋይ ወደሚናድበት ገደል፣ ወደ ሞላ ወንዝ፣ ወይም የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወዳለበት ሳያስተውል የገባ ሰው ራሱ ሁለተኛ ቁሱል ይሆናል።

ከዚህ በኋላ በጥቂት ደቂቃ የሚገድለው ይቀድማል፤ ከሁሉም የሚፈጥነው የደም መፍሰስ ነው። ጎልማሳ ሰው በሰውነቱ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ቢቈረጥ ሞት ሩቅ አይደለም። ስለዚህም ቀድሞ ከአየር መተላለፊያ ይጀምር የነበረውን ሥርዓት የጦር ሠራዊት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ አሻሽለው ብርቱ የደም መፍሰስን በፊት አኖሩት። ልብሱን ቀድዶ ቁስሉን መግለጥ፣ ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ በሁለት እጅ በሰውነት ክብደት መጫን፣ ከተጫኑም በኋላ «ቆመ ይሆን?» እያሉ አለማንሣት፤ እያነሡ ማየት መርጋት የጀመረውን ደም ያፈርሰዋልና። ቁስሉ በክንድ ወይም በእግር ሆኖ ደሙ አልቆም ካለ፣ ነጠላ አጥፎ ከአራት ጣት ባላነሰ ስፋት፣ ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ መገጣጠሚያ ሳይነኩ ማሰር፤ በቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት አግብቶ ደሙ ጨርሶ እስኪቆም ማጠማዘዝ፣ እንጨቱንም እንዳይፈታ ማሰር ነው። ሕመሙ ብርቱ ስለ ሆነ ለቁሱሉ አስቀድሞ መንገር መልካም ነው። ቀጭን ገመድና ሽቦ ሥጋውን ይቈርጣሉ። የታሰረበትን ሰዓት ጽፎ ከቁሱሉ ጋር መላክ ግዴታ ነው፤ ሐኪም ሳያየው አይፈታም።

ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ጉሮሮውን ይዘጋል፤ ግንባሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ አገጩን ማንሣት ብቻ ብዙዎችን ወደ እስትንፋስ ይመልሳል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛል። በአፉ ውኃ ማፍሰስና ክብሪት ጭሮ ማሽተት በአገራችን የተለመደ ቢሆንም ሊተው ይገባል፤ ውኃው ወደ ሳምባ ይገባልና። የማይተነፍስ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የባልቲሞሩ ተመራማሪ ኩዌንሆቨንና ባልደረቦቹ እንዳስታወቁት፣ ደረቱን መካከል ላይ መጫን ነው፤ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይሁን። አእምሮ ያለ አየር ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገሥም።

ይህን ሁሉ የፈጸመ ረዳት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ብርድን ነው። ብርድ ሊገድል በረዶ አይጠብቅም፤ ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቍጥር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ በሚቆምበት በሰሜን ተራሮች፣ ዝናብና ነፋስ የመታው ቁሱል በቀትርም ሳይቀር ሊበርደው ይችላል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሙቀቱ ይበልጥ በወረደ ጊዜ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ መዳን ይቈጥረዋል። የቀዘቀዘ ደም የመርጋት ኃይሉ ስለሚደክም፣ ብርድና የደም መፍሰስ አንዱ ሌላውን ያበረታል። ስለዚህ እርጥቡ ልብስ ይውለቅ። ጋቢ ጥጥ ስለ ሆነ ከረጠበ በኋላ ሙቀት አይጠብቅም፤ የሱፍ በርኖስ ግን ረጥቦም ቢሆን ይሻላል። መሬቱም ከላይ ካለው አየር ይልቅ ሙቀት ስለሚስብ ከላይ ከመደረብ በፊት ከበታቹ ቆርበት ወይም ደረቅ ሣር ማንጠፍ ያስፈልጋል። አረቄ ማጠጣት ክፉ ልማድ ነው፤ የቆዳውን ደም ሥሮች አስፍቶ ሙቀት የሚያባክን ነውና።

የተሰበረ አጥንት ከነመገጣጠሚያዎቹ በሸምበቆ ወይም በእንጨት ተደግፎ ይታሰር፤ ከከፍታ የወደቀ ሰው አንገቱ ሳይናወጥ ይነሣ። እባብ የነደፈውን መብጣትም፣ መምጠጥም፣ አጥብቆ ማሰርም አይገባም፤ እግሩን ወይም እጁን ሳያንቀሳቅስ በቃሬዛ ይወሰድ። በከፍታ ላይ ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያስለውና እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ መንገደኛም ሌሊቱን ሳይጠብቅ ወደ ታች ይውረድ።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ያስተምራል። የትምህርት ቤት ዲሬክተሮች፣ የእድር ዳኞች፣ የተራራ መሪዎችና የመኪና ሾፌሮች ሆይ፤ ከመካከላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰው መርጣችሁ ወደዚህ ትምህርት ላኩ፤ የሚመረጡትም በየቀኑ ከሰው ጋር የሚውሉት ይሁኑ።