ደረቅ ወንዝ ላይ የተሠራ ግድብ ስንት ዓመት ያገለግላል?

ድሬዳዋን የምታውቁ ከሆነ ደቻቱን ታስታውሱታላችሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ዓረቦች እንዲህ ዓይነቱን ወንዝ «ዋዲ» ይሉታል። በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ በሚገኘው የጂዛን ዋዲ ላይ፣ ጎርፉን የሚገታ ግድብ ከተሠራ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲሠራ 51 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ውኃ እንዲይዝ ነበር።

ታዲያ ዛሬም ያንኑ ያህል ይይዛል? አይይዝም። ጎርፍ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አፈር፣ አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ግድቡ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣና ሸክሙን ያራግፋል። ደለል የምንለው ይህንን ነው። ግድግዳው ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ ከጀርባው ያለው ቦታ ግን እየጠበበ ይሄዳል። ከታች ያለውን ከተማ የሚያድነው ደግሞ ይኸው ቦታ ነው።

እስቲ አንድ ምናባዊ ግድብ ወስደን እናስላ። ውኃው የሚሰበሰብበት ተፋሰስ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት 400 ቶን አፈር ይታጠባል እንበል። ድምሩ 40,000 ቶን ነው። ግድቡ 90 በመቶውን ካስቀረ 36,000 ቶን ይቀመጣል። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ደለል 1.2 ቶን ቢመዝን፣ በየዓመቱ 30,000 ኪዩቢክ ሜትር ቦታ እናጣለን። ግድቡ የሚይዘው 1.5 ሚሊዮን ከሆነ በ50 ዓመት ጢም ብሎ ይሞላል።

ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ ያለው ቁጥሮቹ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ 400 ቶኑን እንይ። ይህ አማካይ ነው። በረሃ ውስጥ ግን ዓመታት ያለ ጎርፍ አልፈው፣ አንድ ቀን የብዙ ዓመት ደለል በአንዴ ሊመጣ ይችላል። ሦስት ጸጥ ያሉ ዓመታትን ብቻ የለካ መሐንዲስ ግድቡን ካለ ዕድሜው ረጅም ዕድሜ ይሰጠዋል።

90 በመቶውስ? ብዙ ጊዜ የሚነበበው ብሩን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምድር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1953 ካወጣው ግራፍ ነው። ግራፉ በዋናነት የተመሠረተው ዓመቱን ሙሉ ውኃ በሚይዙ ግድቦች ላይ ነው። ጎርፉን ለጥቂት ቀን ይዞ የሚለቅ ግድብ ከዚያ ይለያል።

ክብደቱም አንድ ቦታ አይቆምም። ገና የተቀመጠ ጭቃ ያበጠ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ይጠቀጠቃል፣ ያነሰ ቦታም ይይዛል።

ደግነቱ፣ ድርቀቱ ራሱ መፍትሔ ይሰጠናል። ሐይቅ ቢሆን ኖሮ ጥልቀቱን ለመለካት ጀልባ ያስፈልገን ነበር። እዚህ ግን ውኃው ሲደርቅ በእግር ገብቶ በጂፒኤስ መለካት ወይም በድሮን ፎቶ ማንሳት ይቻላል። የዛሬውን መሬት ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ከነበረው ካርታ ጋር ስናነጻጽር ልዩነቱ የደለሉ መጠን ነው። ጉድጓድ ከተቆፈረ ደግሞ ንብርብሮቹ ይታያሉ፦ ከታች አሸዋ፣ ከላይ የላመ ጭቃ፤ እንደገና አሸዋ፣ እንደገና ጭቃ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጥንድ የአንድ ጎርፍ አሻራ ነው። ውፍረቱን ስትለኩ የትኛው ጎርፍ ምን ያህል እንዳመጣ ትገምታላችሁ።

ስለዚህ ስሌቱ ሲጀመር ይጠቅማል፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ ግን ገብቶ መለካትና ቁጥሩን ማረም ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ጎርፍ የሚያርፈው በቀረው ቦታ ላይ ነውና።